ሰባ አራተኛው ገጽ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዝናቡ ከተራራው ወርዶ
የሆባርትን ጣሪያ ይቀጠቅጣል ማልዶ።
ገና በሩን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ገባ፣
የቆቡ ጫፍ ወለሌ ላይ እያነባ።
«እስክርቢቶ ክልክል ነው፤ እርሳስ እሰጥዎታለሁ፤
ብስኩቱን ግን እዚህ፣ እኔ አስቀምጣለሁ።»

ስሙ ላይል ታስከር፣ ጡረታ የወጣ ጀልባ ጠጋኝ።
የሚፈልገው አንድ ነው፦ «የአያቴን አያት አግኚልኝ።
ኬዝያ ትባላለች። ከዚህ ሌላ አላውቅም፤
በቤታችን ስሟ አይጠራም፣ አይጠየቅም።»

ደረጃውን ወርጄ ከምድር በታች ገባሁ፤
አሥራ ስምንት ዲግሪ፤ ሹራቤን ደረብሁ።
መንግሥት የተናገረው ሁሉ እዚያ ነው የሚተኛው፦
የፍርድ ቤት ዶሴ፣ የመርከብ ዝርዝር፣
የበግ ቆጠራ፣ የድልድይ ንድፍ፣
«ድልድዩ አያስፈልግም» የሚል ደብዳቤ፣
«ድልድዩ ለምን አልተሠራም?» የሚል ሌላ ደብዳቤ፣
ጎን ለጎን፣ ሳይጣሉ።
ከእነሱ ማዶ ጋዜጦቹ፦
ለአንድ ቀን ተወልደው መቶ ሰማንያ ዓመት የኖሩ፣
ሥጋ መጠቅለል ሲገባቸው በክብር የተደረደሩ።

የእስረኞቹን መዝገብ በጋሪ አመጣሁለት፤
መርከቧን አገኘን፣ የደረሰችበትን ዕለት።
ሰባ ሦስት። ገለጥኩ። ሰባ አምስት።
ከሁለቱ መሐል፣ ከስፌቱ ሥር የቀረ
እንደ ጥፍር ቀጭን የወረቀት ጠርዝ።
የምላጭ ሥራ ነው። አይጥ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፤
ብልም በማስመሪያ እየለካ አይግጥም።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤
ውርሱን የጠላ ግን ምላጭ ይስላል።
አዲስ አልሆነብኝም። በዚህ ደሴት ስንቱ
በሰንሰለት የመጣች አያቱን ሁለቴ ቀብሯል፦
አንዴ በአካፋ፣ አንዴ በምላጭ።

ላይል ዝም አለ። የጀልባ ሰው አይደል፣
ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፣ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ይመስል።

«ቆይ» አልኩት። መዝገቡ አንድ ነው፤ ጋዜጣ ግን ብዙ አፍ አለው።
ሐምሌ፣ ሦስተኛ ገጽ፣ ከጠፋ ፈረስ ማስታወቂያ በታች፣
ከዱቄት ዋጋ በላይ፣ እርሷ ነበረች፦
«ኬዝያ የተባለች ልብስ አጣቢ እስረኛ፣ ጌታዋን
‹ውሃው በረዶ ነው፣ ራስህ እጠብ› በማለቷ
ስድስት ቀን በዳቦና በውሃ እንድትታሰር ተፈረደባት።
ፍርዱን ስትሰማ ሳቀች።»

«ሳቀች?» አለ ላይል።
መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ሳቀች?»
ከዚያ እርሱም ሳቀ፣ እስኪያስለው፣
ጸጥታ የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ክፍል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።
መዝገብ ቤት ግን ክፉ ነው፤ ማን ምን እንደጠየቀም ጽፎ ያኖራል።
የአንባቢዎች ደብተር፣ መጋቢት፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ፦
«ኤዝራ ታስከር፣ አናጺ። የእስረኞች መዝገብ፣ ቅጽ ዘጠኝ። ግማሽ ሰዓት።»

«የአያቴ እጅ ነው» አለ። ድምፁ ወረደ።
«ስማችንን እንዲህ እንደ ምሰሶ አቁሞ የሚጽፍ ሌላ የለም።
ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ እርሱ ነው።
በየማለዳው ጢሙን ሲላጭ
ሳህኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ።»

ምን ልበለው? ቆራጩንም ጠብቀነዋል፣
ከተቆረጠችው ጋር፣ በአንድ ቅዝቃዜ።
እኛ አንፈርድም። ሙቀቱን እንለካለን።

አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሲወጣ ደብተሩን ፈረመ፦
«ላይል ታስከር፣ ጀልባ ጠጋኝ። ኬዝያን ፍለጋ።»
ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ እርሳሱ ቆመ፣
ሄደ፣ ተመለሰ።
«የሁለቱም» ብሎ ጻፈ።

ደብተሩን አቅፌ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ፤
ብስኩቱን ረስቶት ነበር፤
ደንቡን ጥሼ፣ ደረጃው ላይ፣ በላሁ።